ከሰፈር አበባ ሱቅ ማዘዝ፦ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶና ለእንቁጣጣሽ

በሰው አገር ለድግስ የታዘዘ አበባ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ባለሱቁ ድግሳችንን አለማወቁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ የሰፈር አበባ ሱቅ የአሜሪካኖችን ሠርግ አብጠርጥሮ ያውቃል። መልስ የሚባል ሌላ ድግስ እንዳለ፣ ክርስትና ማለዳ እንደሚጀመር፣ ጥሪው ላይ 5 ፒኤም የተጻፈበት አዳራሽ 8 ፒኤም ላይ እንደሚሞላ ግን ካልነገሩት ከየት ያውቃል? እዚህ የተጻፈው በተለይ አሜሪካ ላለን ነው፤ ለአውሮፓ፣ ለእስራኤልና ለዓረብ አገር የሚለየው በየቦታው ተጠቁሟል።

መጀመሪያ ሱቁ የእውነት ሱቅ መሆኑን አረጋግጡ። ስልክ ላይ አበባ ሱቅ ስትፈልጉ ከላይ ከሚመጡት ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ናቸው። የሰፈራችሁን ስም ለጥፈው ሰፈሩ ውስጥ አንድ ባልዲ አበባ የሌላቸው ትእዛዝ ሰብሳቢዎችም አሉባቸው። ገንዘቡን ይቀበላሉ፣ ድርሻቸውን ያነሣሉ፣ የቀረውን ለአካባቢው ባለሱቅ ያስተላልፋሉ። እሱም በደረሰው ገንዘብ ልክ ይሠራል፤ ከፋዩ የጠበቀውና የመጣው የማይገናኙት ለዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው። ድረ ገጹ ላይ የመንገድ አድራሻ ከሌለ ተጠራጠሩ። ከዚያ ደውላችሁ “ዛሬ ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ ምን ትኩስ አበባ አለ?” በሉ። ባለሱቅ ከሆነ ዘወር ብሎ አይቶ ይመልሳል፤ ትእዛዝ ሰብሳቢ ከሆነ ድረ ገጹ ላይ ያለውን የፎቶ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ሲያትል ሆናችሁ ዳላስ ላለች እህታችሁ የምትልኩም ከሆነ ዳላስ ያለ ሱቅ ፈልጋችሁ በቀጥታ መደወሉ ይሻላል። እንደ ኤፍቲዲ ያሉ፣ ከ1910 ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ ትእዛዝ የሚያስተላልፉ የባለሱቆች መረቦች የሚጠቅሙት ሱቅ መርጦ ለመደወል ጊዜ ለሌለው ሰው ነው።

ስትደውሉ ከአበባው ስም በፊት ገንዘቡን ተናገሩ፤ ማድረሻና ታክስ ይጨምር አይጨምር ለዩት። ሜሪላንድ ውስጥ የ75 ዶላር አበባ 6 ከመቶ ታክስና፣ ለምሳሌ 15 ዶላር ማድረሻ ሲጨመርበት 95 ዶላር ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ ቀለሙንና የምን ዝግጅት እንደሆነ ንገሩ፤ የአበባውን ዓይነት ለባለሙያው ተዉለት። ፎቶ ልካችሁ “ልክ ይህንን” ካላችሁ ግን ባለሱቁ የሌለውን አበባ በውድ ያስመጣል፣ ወይም ትኩስ ያልሆነውን ይጠቀማል። ፒዮኒ የሚባለው አበባ እዚህ ወቅቱ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ነው፤ በኅዳር ከጠየቃችሁ ከሩቅ የመጣ፣ ውድና ቁጥሩ ያነሰ ነው የምታገኙት። ፎቶ ጥሩ የሚሆነው “ቀለሙና ቅርጹ ወደዚህ የቀረበ ይሁን፣ ዓይነቱን አንተ ምረጥ” ከሚል ቃል ጋር ሲሄድ ነው።

“የኢትዮጵያ ጽጌረዳ አላችሁ?” ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው ደስ ይላል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ጽጌረዳ በአብዛኛው ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር በማያሚ በኩል የሚገባ ነው። የዝዋይና የሆለታ አበባ በዋናነት ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል፣ ዓረብ አገርም ይገባል። ስለዚህ አምስተርዳም፣ ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ ላላችሁ መጠየቁ ያዋጣል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን በሰፈር ሱቅ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ስምና ሰዓት ላይ ደግሞ የኛ ነገር ለብቻው ነው። አበባው ሆስፒታል ወይም መሥሪያ ቤት የሚሄድ ከሆነ መታወቂያ ላይ ያለውን ሙሉ ስም፣ የአባትን ስም ጨምራችሁ፣ ፊደል በፊደል ንገሩ። ሠፈር ሁሉ “እቴቴ” የሚላቸው እናት መዝገብ ላይ በዚያ ስም አይገኙም፤ አድራሹ አበባውን ይዞ ይመለሳል። የተቀባዩን ስልክ ስጡ፤ ቤቱ አፓርትመንት ከሆነ የበሩን ኮድ ጨምሩ። ሰዓት ስትናገሩ ኤኤም ወይም ፒኤም አስከትሉ። የቤተሰቡ አዛውንት “አራት ሰዓት” ብለው የነገሯችሁ 10 ኤኤም ነው፤ ያ ሳይቀየር ወደ ባለሱቁ ካለፈ አበባው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል።

ካርዱ ላይ አማርኛ ከፈለጋችሁ ጽሑፉን በቴክስት አትላኩ። የሱቁ ኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል ካልጫነ የሚታተመው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” የሚለውን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ እንደ ፎቶ አስቀምጡት፣ ፎቶውን ላኩና በካርዱ ልክ እንዲያትሙት ጠይቁ።

ሠርግ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የፋሲካንና የአሜሪካ የእናቶች ቀንን ቀን መቁጠሪያ ላይ አስተያዩ። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደረግ ድግሱ ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ይከመራል፤ የእናቶች ቀን ደግሞ የሜይ ሁለተኛው እሑድ ነው፣ ለአበባ ሱቅ በዓመቱ ካሉት እጅግ የተጨናነቁ ቀናት አንዱ። በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ላይ ይውላል፣ የእናቶች ቀን ሜይ 9 ላይ። ከጾሙ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሜይ 8፣ ከእናቶች ቀን ዋዜማ ጋር ይጋጫል ማለት ነው። በዚያ ቅዳሜ አበባ ይወደዳል፣ ሠሪና አድራሽ አይበቃም። አንድ ሳምንት ማሳለፍ ከተቻለ ይለፍ፤ ካልተቻለ ስድስት ወር ቀድሞ ቀብድ መክፈል ነው።

ብዛቱን አብራችሁ አስሉ። 300 ሰው በ10 ሰው ጠረጴዛ 30 ጠረጴዛ ነው። በየጠረጴዛው 15 ዘንግ ጽጌረዳ ከሆነ 450 ዘንግ። ጽጌረዳ ከአስመጪ የሚመጣው በ25 ታስሮ ስለሆነ 18 እስር ይሆናል፤ ለሚሰበረውና ለሚጠወልገው ሁለት እስር ይጨመርበት። ሒሳቡ ከወደደ ዘንጉን ወደ 9 ዝቅ አድርጉና ክፍተቱን ጂፕሶፊላ በሚባለው ትንንሽ ነጭ አበባና በባሕር ዛፍ ቅጠል ሙሉት። አዎ፣ ያው ባሕር ዛፍ፤ እዚህ በእስር የሚሸጥ የተከበረ ማስዋቢያ ነው። የጠረጴዛው አበባ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ይሁን ወይም በቀጭን ማቆሚያ ላይ ከ60 በላይ ይውጣ። በመሐሉ ያለው ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ይጋርዳል፤ የኛ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ጠርሙሱም ቦታ ይፈልጋል።

የሚረሳው ሁልጊዜ የወላጆች አበባ ነው። የሙሽሮቹና የሚዜዎቹ ይታዘዛል፣ አባቶቹና እናቶቹ በሠርጉ ጠዋት ትዝ ይላሉ። ለአባቶች የኮት አበባ በቂ ነው። ለእናቶች ግን ደረት ላይ በመርፌ የሚሰካውን አትዘዙ፤ የአበባው ክብደት የነጠላውን ስስ ሸማ ይጎትተዋል፣ መርፌው ክሩን ይበጥሳል፣ ነጠላው ሲጣፋም አበባው ይጨፈለቃል። በእጅ አንጓ ላይ በላስቲክ የሚታሰር አበባ አለ፤ እሱ ነው የሚሆነው።

የሐበሻ ቀሚስ ባለበት ሁሉ የሊሊ ነገር አደራ። ሊሊ ሲፈካ መሐሉ ላይ ብናኝ የተሸከሙ ስድስት ቡናማ ጫፎች ይወጣሉ። ነጭ ጥጥ አንዴ ከነኩ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ይተዋሉ። ስታዝዙ “ብናኙ ይነቀል” በሉ፤ ዘግይቶ የሚፈካ እምቡጥ ስለሚኖርም አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው በሶፍት ይንቀለው። ልብስ ከነካ በውሃ አትሹት፣ ወደ ክሩ ይገባል። አራግፉት፣ ከዚያ በሚያጣብቅ ፕላስተር ደጋግማችሁ አንሡት። ድመት ያለበት ቤት ሊሊ ፈጽሞ አይላክም፤ ለድመት ገዳይ መርዝ ነው።

ለሰዓቱም እውነቱን ንገሩት። እንግዳ 8 ፒኤም ላይ የሚገባ ከሆነ አበባው 3 ፒኤም ላይ ተደርድሮ በሐምሌ ሙቀት መቀመጥ የለበትም። ሃይድሬንጅያ ውሃ በጣም ይጠጣል፣ ሙቀት ላይ በሰዓታት ውስጥ አንገቱን ይደፋል፤ የሚዘገይ ሠርግ ላይ ጽጌረዳና ካርኔሽን ይችላሉ። አበባው ኦዋሲስ በሚሉት አረንጓዴ ስፖንጅ ላይ የሚሰካ ከሆነና ሥራውን ዘመድ የሚሠራው ከሆነ ስፖንጁን ውሃ ላይ አስቀምጡትና ራሱ ይስመጥ። በእጅ ከተደፈቀ ውስጡ ላይ አየር ይቀራል፤ ዘንጉ ያ ደረቅ ቦታ ላይ ካረፈ አበባው በዚያው ምሽት ይሞታል።

መልሱ በማግስቱ ከሆነ የቅዳሜው አበባ ይበቃል፣ ግን ቀድሞ መታሰብ አለበት። ብዙ ሱቆች እሑድ ዝግ ናቸው፣ አዳራሹም በሌሊት ዕቃችሁን ውሰዱ ይላል። ባለሱቁ ባዶ ካርቶኖቹን አዳራሹ ውስጥ ትቶ እንዲሄድ ጠይቁ፣ መኪና ያለው ሰው መድቡ፣ ማስቀመጫዎቹ ኪራይ ከሆኑ መመለሻቸው ሰኞ ይሁን ብላችሁ ተስማሙ። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ምድር ቤት ይደር። ሙዝና ፖም ካለበት ፍሪጅ ግን ይራቅ፤ የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ አበባን ያስረጃል። ለካባው ቀለም የሚሄድ ጥቂት ቀይ ወይም ወይን ጠጅ እስር ቅዳሜ አብሮ ይምጣና በነጩ መሐል ይሰካ።

ክርስትና ለማዘዝ ቀላሉ ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሆነ ሕፃኑ በተወለደ ዕለት ቀኑ ይታወቃል። ሥርዓቱ ማለዳ ስለሆነ አበባው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይወሰድ። ለአራስ ሆስፒታል ከመላካችሁ በፊት ግን ክፍሉን ጠይቁ፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አበባ አያስገባም፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ያሉበት ክፍልም እንዲሁ። ቤት ከገባች በኋላ መላክ ይሻላል።

ለቅሶ ላይ፣ ወደ ቤት ይዘነው የምንሄደው ምግብና መጠጥ ነው፤ አበባው የሚላከው ወደ ፊውነራል ሆሙ ነው። የሟችን ሙሉ ስም፣ የስንብቱን ቀንና ሰዓት ስጡ፣ ስንብቱ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይድረስ በሉ። ሣጥኑ ላይ የሚሆነውን አበባ ቤተሰብ ነው የሚያዘው፤ ወዳጅና ዕድር በማቆሚያ የሚቆመውን ወይም የአበባ ጉንጉን ይልካል። አሥር ሰው አሥር ትንንሽ ቅርጫት ከሚልክ ዕድሩ አንድ ትልቅ ቢያዝ ያምራል፣ ማድረሻውም አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ አበባው አብሮ አይጓዝም፤ ለስንብቱ ብቻ የሚበቃ አነስተኛ ይታዘዝ። ሪባኑ ላይ የሚለጠፈው ወርቃማ ፊደል በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ “ነፍስ ይማር” የሚል ሪባን የሐበሻ ማተሚያ ቤት አሠርታችሁ ለባለሱቁ አድርሱ። ቤተ ክርስቲያን ከመላክ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቁ። በሙስሊምና በአይሁድ ቀብር አበባ የተለመደ አይደለም፣ ቀብሩም ቶሎ ነው፤ ለቤተሰቡ ምግብ ማድረስ ይሻላል። ፈረንሳይ ያላችሁ ክሪሳንተመም ለልደት አትውሰዱ፣ እዚያ የመቃብር አበባ ነው። እስራኤል ውስጥ ዓርብ ሱቁ በሻባት አበባ ገዢ ስለሚጨናነቅና ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ ሐሙስ እዘዙ። ዓረብ አገር በበጋ አበባ መኪና ውስጥ ደቂቃም አይቆይ፤ ማድረሻው ማለዳ ወይም ማታ ይሁን።

ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ሱቅ ውስጥ አይገኝም፣ ተነቅሎ የሚመጣ የዱር አበባ ነውና። የሚቀርበውን ለማግኘት ስሙን ትታችሁ መልኩን ግለጹ፦ ጠፍጣፋ ቢጫ የአበባ ቅጠሎች፣ ቢጫ መሐል፣ ቀጭን ዘንግ፣ ትንሽ ፊት። ቢጫ ዴይዚ ክሪሳንተመም ሁልጊዜ አለ፤ ኮርዮፕሲስ ከተገኘ እጅግ ይቀርባል። ሩድቤክያም በሴፕቴምበር ከአካባቢው ገበሬ ይመጣል፣ መሐሉ ጥቁር ቢሆንም። ከአሥር ቀን በፊት ንገሯቸው። በ2027 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውልም አትርሱ። ለቡናው ሥነ ሥርዓት ቄጤማ ካጣችሁ “ቤር ግራስ” የሚባል ረጅም ሣር በእስር ያስመጣሉ፤ ጠርዙ ሻካራ ስለሆነ ባዶ እግራቸውን የሚድኹ ልጆች ካሉ ጥግ ጥጉን አንጥፉት።

አበባው ቤት ሲደርስ ከዘንጉ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር በሰያፍ ቁረጡ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አንሡ፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። ጽጌረዳ ላይ ከውጭ ያለው ጠቆር ያለ የአበባ ቅጠል የተበላሸ አይደለም፣ በጉዞ እንዳይጎዳ የተተወ መከላከያ ነው፤ ሁለት ሦስቱን ንቀሉት። አንገቱን ከደፋ ዘንጉ ውስጥ አየር ገብቶ ውሃ ዘግቶበታል፤ እንደገና ቆርጣችሁ፣ በወረቀት ቀጥ አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ለአንድ ሰዓት አቁሙት። ያም ካልመለሰው በዚያው ዕለት ፎቶ አንሥታችሁ ለባለሱቁ ላኩ። በሦስተኛው ቀን የተላከ ፎቶ የሱቁ ጥፋት ይሁን የቤቱ ሙቀት አይለይም፤ በዚያው ዕለት ለደወለ ግን የሰፈር ባለሱቅ አብዛኛውን ጊዜ ይቀይርለታል።