አዲስ የግራፊክስ ካርድ ከገባ በኋላ ጌም ላይ ድርግም የሚል ኮምፒውተር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ከጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወደ አርቲኤክስ 3060 ተሻገርኩ። ስላይት ዩዝድ ነው፣ ግን ንጹህ ካርድ። ፊፋ ላይ ምንም የለም። ጂቲኤ 5 ሲከፈት ግን ትንሽ ይሄድና ድርግም! ኮምፒውተሩ ራሱ ተመልሶ ይነሳል። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ የስህተት መልእክት የለ።

ካርዱን የሸጠልኝ ልጅ በስልክ "ድራይቨር ነው፣ አፕዴት አድርገው" አለኝ፤ ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበትን ሶፍትዌር ማለቱ ነው። መርካቶ የሚሠራ አንድ ጠጋኝ ግን ምንም ከማለቱ በፊት "አጠፋፉ እንዴት ነው ወንድሜ?" ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እመልሳለሁ። ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ዴስክቶፕ ላይ ከጣላችሁ፣ የሚጠረጠረው ጌሙ ራሱ፣ ራሙ ወይም ድራይቨሩ ነው። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ከተመለሰ ወደ ድራይቨሩ ያደላል፤ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋልና። ነጠብጣብና የተበጣጠሰ ቀለም ካያችሁ የካርዱን ሜሞሪ ጠርጥሩ። እንደኔው ድርግም ብሎ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኬዙ ውስጥ ሆኖ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው።

ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ "ከርነል ፓወር 41" የሚል መዝገብ አገኘሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ይኸው፣ ፓወር ነው" ብሎ ይደመድማል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ዊንዶውስ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። መብራት ሲሄድም ይኸው ይመዘገባል። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለነውማ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

ለማንኛውም የድሮውን ድራይቨር ዲዲዩ በሚባለው ማጽጃ ፕሮግራም ጠረግኩት። ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በትንሹ ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ) ገብታችሁ፣ ኢንተርኔቱንም ነቅላችሁ ሥሩት፤ አለዚያ ዊንዶውስ የራሱን ይጭንባችኋል። አዲሱ ድራይቨር ከ600 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ጠብቄ አወረድኩት። ለውጥ የለም።

ከዚያ ኬዙን ከፍቼ የፓወር ሰፕላዩን ጎን አነበብኩ። በትልቁ 500 ዋት ይላል። ከሥር ባለችው ትንሽ ሰንጠረዥ ግን የ12 ቮልቱ መስመር 22 አምፒር ነው። 22 በ12 ሲባዛ 264 ዋት። ካርዱና ሲፒዩው የሚበሉት በዋናነት ከዚህ መስመር ነው። 1050 ቲአይ 75 ዋት ነበር፣ ያውም ሁሉንም ከማዘርቦርዱ ስሎት ይወስድ ነበር። 3060 ደግሞ 170 ዋት ነው። 65 ዋቱን ሲፒዩ ደምሩበት፤ 235 ደረሰ። ፋንና ዲስክ ገና አልተቆጠረም። በዚያ ላይ እነዚህ ካርዶች ለሚሊሰከንዶች ከተጻፈላቸው በላይ ዘለው ይጠጣሉ። በዚያች ቅጽበት ሰፕላዩ ራሱን ይዘጋል። አምራቹ ለዚህ ካርድ 550 ዋት የሚመክረው ለዚህ ነው።

ብር ከማውጣቴ በፊት አንድ ነፃ ሙከራ ሠራሁ። አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም የካርዱን ፓወር ሊሚት (የኃይል ጣሪያ) ወደ 70 በመቶ አወረድኩት፣ ፍሬሙንም በሰከንድ 60 ላይ ቆለፍኩት። ጂቲኤ አመሻሹን ሁሉ ሳይጠፋ ሄደ። ወደ 100 ስመልሰው ድርግም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ገላን ካለ ጓደኛዬ ባለ 650 ዋት ሰፕላይ ተውሼም አረጋገጥኩ። እዚህ ላይ አደራ፦ ኬብሉ የሚነቀል ሰፕላይ ከተዋሳችሁ ከነኬብሉ ውሰዱ። በሰፕላዩ በኩል ያለው የገመድ አቀማመጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ የድሮውን ገመድ ብትሰኩበት ዲስክና ማዘርቦርድ ሊቃጠል ይችላል። ከሞሌክስ (ከድሮው ባለ 4 ቀዳዳ የኃይል ሶኬት) ወደ ካርዱ 8 ፒን የሚቀይረውን ርካሽ ማገናኛም እኔ አልነካውም።

አንድ ነገር ግን ገና አልተፈታልኝም ነበር። የድሮው ሰፕላይ ቀን ላይ ይሻለዋል፣ ማታ ይብስበታል። ለምን? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ማለት ነው። የፎቁ ሰው ሁሉ ተመካክሮ ይመስል ማታ ይጋግራል። መልቲሜትር ሶኬቱ ላይ ሳደርግ 185 ቮልት አነበበልኝ። የድሮው ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያለው ዓይነት ነው፤ ቮልት ሲወርድ አይችልም። በመጨረሻ የገዛሁት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። እማዬን "ዛሬ ምጣድ አለ?" እያልኩ መጠየቅም አቆምኩ።

አሁን መጥፋቱ ቆሟል፣ ሙቀቱ ግን ከፍ ይላል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። የሰፈራችን አቧራም አለ። ፊት ለፊት አንድ ፋን ጨምሬ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ጀምሬያለሁ።

ቀጥሎ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ። ርካሾቹ ባትሪ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሞገድ የተሰባበረ ስለሆነ ከአንዳንድ አዳዲስ ሰፕላዮች ጋር አይስማሙም ይባላል። በ3060 እና በእንዲህ ያለ ዩፒኤስ ጌም እየተጫወተ መብራት የሄደበት ካለ፣ ኮምፒውተሩ ቆመ ወይስ ጠፋ? የዩፒኤሱን ሞዴል ጨምራችሁ ጻፉልኝ።