ምክንያት የማይጻፍበት ደብተር

መስከረም 2013 አዲሱ ብር ሲመጣ ባንክ ቤት የሠራ ሰው ያን ሰሞን አይረሳውም። የ200 ብር ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ፤ አሮጌዎቹ 10፣ 50 እና 100 ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ተለውጠው ማለቅ ነበረባቸው። ሰልፉ ከበር አልፎ መንገድ ይይዛል። ኮሮናም ስለነበር በማስክ ላይ መስታወት፣ መጯጯህ ብቻ ነው።

ከጎኔ መስኮት የሚሠራው በዕድሜ የሚበልጠን፣ ጋሼ እያልን ግን «አንተ» የምንለው ባልደረባችን ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት በመሀረብ የቋጠሩትን ብር ይዘው መጡ። ኖቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። «ልጄ፣ ለመቃብሬ ብዬ ያስቀመጥኳት...» ብለው ሲጀምሩ ጋሼ ቀና እንኳ ሳይል «እስካሁን የት ነበሩ? ቤትዎ ሬዲዮ የለም እንዴ?» አላቸው። ዝም አሉ። ብራቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ማታ ሂሳብ ዘጋን፣ ብሩም ልክ መጣለት። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። ምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው አሳየኝ። «እናትየዋን አቋረጥኳቸው፤ አሳፈርኳቸው» ይላል። ከሥሩ «ሰልፉ ስለበዛ» ብሎ ጀምሮ ሰርዞታል።

«ምክንያት አይጻፍም» አለኝ። «ምክንያቱን ከጻፍኩ ነገም እደግመዋለሁ።»

እውነቱን ነው። አብዛኞቻችን ማታ ጋደም ብለን ውሏችንን ስናስብ ለራሳችን ጠበቃ ቆመን ነው፤ ጥፋቱን ገና ሳንጨርሰው ሰበቡ ይቀድማል።

ደብተሩን ሲያገላብጥ አንድ ነገር ደረሰበት፦ ክፉ ቃል የሚያመልጠው ብር እየቆጠረ ሰው ሲያናግር ነው። ስለዚህ ሰው ሲያናግረው ብሩን ያስቀምጣል፣ ቀና ብሎ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሰልፈኛው ያጉረመርማል። እኛም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ የሱ ሰልፍ ወደኛ መስኮት ሲዞር ደስ አይለንም ነበር።

አንዴ ስለ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን አወራሁት። ሰውዬው 13 መልካም ጠባዮችን ዘርዝሮ፣ በየሳምንቱ አንዱ ላይ እያተኮረ፣ ባጠፋ ቁጥር ደብተሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር። 13ቱ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው። ዕቃን በየቦታው ማስቀመጥ ክፉኛ እንዳስቸገረው ራሱ ጽፏል። ጋሼ ሳቀ። «13? እኔ አንዷን ምላሴን መች ቻልኳት!»

የብር ለውጡ አልቆ ሰልፉ ከተበተነ በኋላም ደብተሩን አልተወም። የሚጽፈውም አላጣም።