የጠዋቱን ደወል ወደ 2 ሰዓት ተኩል ያሸጋገርነው እንዲህ ነው

የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ለዓመታት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ። ጥያቄ ጽፌ ዞር ስል ግማሹ ክፍል ክንዱ ላይ ተደፍቷል። እየጻፈ ያሸለበው ልጅ እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ቁልቁል መስመር ያሰምራል። ያው ልጅ ከእረፍት በኋላ ሌላ ሰው ነው፤ ይጠይቃል፣ ይከራከራል።

«ስንፍና ነው፣ በጊዜ አይተኙም» ይባላል። እኔ አልስማማም። ልጆች ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርሱ የሰውነታቸው ሰዓት ይዘገያል። እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን አምሽቶ ይመነጫል፣ ጠዋትም ቶሎ አይለቃቸውም። በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልጋቸው እንቅልፍ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ማታ 5 ሰዓት እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሱትና አስሉት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ትምህርት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀመር የመከረው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ርዕሰ መምህራችን ዘንድ ገባሁ። በትዕግሥት ሰሙኝና «እሺ፣ ወላጆችን ምን ልበላቸው?» አሉኝ።

የወላጆች ስብሰባ ላይ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አንዲት እናት ብድግ ብለው «እኔ 2 ሰዓት ሥራ ገበታዬ ላይ መገኘት አለብኝ። ልጄን በር ላይ ጥያት ልሂድ?» አሉ። ስለ ሆርሞን ብንደሰኩር ለዚህ መልስ አይሆንም። መልሱ ቁልፍ ነበር፦ ላይብረሪው በድሮው ሰዓት ይከፈታል፣ አስተማሪዎች በተራ እንቆማለን። ይህ ቃል ከተገባ በኋላ የብዙ ሰው ፊት ተፈታ።

«ታዲያ በዚያው ልክ ያመሻሉ» ላሉት የአሜሪካዋን ከተማ የሲያትልን ነገርኳቸው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ከ1:50 ወደ 2:45 ገፋች። ተመራማሪዎች የተማሪዎቹን እንቅልፍ በእጅ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ለኩ። በአማካይ 34 ደቂቃ ጨምረው ተኝተዋል። ያገኙትን ጊዜ አምሽተው አልጨረሱትም ማለት ነው።

ሌላው ነገር ቶሎ ቶሎ አለማለት ነው። ካሊፎርኒያ እንኳን ትምህርት ዘግይቶ እንዲጀመር የሚያዘውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃ ሥራ ላይ ያዋለችው በ2022 ነው። እኛም ለውጡን ከአንድ ሴሚስተር በፊት አሳወቅን። ሰርቪሶች መስመራቸውን አስተካከሉ፣ ታናናሽ ወንድምና እህት ያላቸው ቤተሰቦችም ተዘጋጁ።

አሁን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ክፍለ ጊዜ ሆኗል። አርፋጁ ቀንሷል። እየጻፈ ያሸልብ የነበረው ልጅ ሳይቀር ቀና ብሎ ይከራከረኛል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሌሊቱን ስልክ ላይ የሚያድረው ግን አሁንም ያንቀላፋል። ደወል ብቻውን አያስተኛም፤ ስልኩ ከመኝታ ክፍል እንዲወጣ ከወላጅ ጋር መነጋገር ግድ ነው።

ያልተፈታልን የስፖርት ልምምድ ነው። ትምህርት ዘግይቶ ስለሚያልቅ ቡድኖቹ ሲጨልም ነው የሚበተኑት። ልምምዱን ጠዋት ማድረግ ያተረፍነውን እንቅልፍ መልሶ መውሰድ ስለሆነ እንቢ ብያለሁ። የምሳ እረፍቱን ትንሽ አሳጥረን ለመሞከር ከአሠልጣኞቹ ጋር እየተነጋገርን ነው።