ኤክስሬዩ ጸጥ አለ ማለት ኤሌክትሮኖቹ አለቁ ማለት አይደለም

በፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ በተለዩበት ትኩስ ጋዝ ውስጥ፣ ኤሌክትሮን በፈጠነ ቁጥር ግጭት የሚይዘው እየቀነሰ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መስኩ ከዚያ ሰበቃ ከበለጠ የሚያቆመው የለም፤ አምላጭ የምንለው ይህንን ነው። እዚህ የምገልጸው አሠራር በፕራግ፣ በቼክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ጎሌም ነው፤ ከሩቅ በኢንተርኔት የሚታዘዝ ትንሽ ቶካማክ (ፕላዝማን በመግነጢሳዊ መስክ የሚይዝ የቀለበት ቅርጽ ያለው ማሽን) ነው። ዋና ራዲየሱ 0.4 ሜትር፣ የሞሊብደነም ሊሚተሩ (የፕላዝማውን ጠርዝ የሚወስነው የብረት ቀለበት) ራዲየስ 8.5 ሴንቲሜትር።

ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ሒሳቡን በወረቀት እሠራለሁ። ሉፕ ቮልቴጁ (በቀለበቱ አንድ ዙር ላይ ያለው ቮልቴጅ) 10 ቮልት ከሆነ፣ ለ2.5 ሜትር ዙሪያ ሲካፈል መስኩ በሜትር 4 ቮልት ነው። እፍጋቱ በኪዩቢክ ሜትር 10¹⁹፣ ሙቀቱ 50 ኤሌክትሮንቮልት ቢሆን የድራይሰር መስክ (ተራዎቹ ኤሌክትሮኖች ሁሉ የሚያመልጡበት የመስክ መጠን) በሜትር 80 ቮልት ግድም ይሆናል። የእሱ 5 በመቶ ላይ ነን ማለት ነው፤ አምላጭ ለመፍጠር ይበቃል። አንድ አምላጭ ሌላውን እየገጨ አምላጭ የሚያደርግበት ናዳ ግን በዚህ መስክ ወደ 2.7 እጥፍ ለማደግ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈልግና ፕላዝማው ራሱ ከዚያ ብዙም ስለማይቆይ፣ እሱን እዚህ እተወዋለሁ።

ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ነጻ ኤሌክትሮን በየሚሊሰከንዱ 1.2 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ያገኛል። መግነጢሳዊ መስኩ 0.3 ቴስላ፣ የደኅንነት ፋክተሩ (የመስኩ መስመር ቀለበቱን ስንት ጊዜ ዞሮ አንዴ እንደሚጠመዘዝ የሚያሳየው ቁጥር) 3 ከሆነ፣ 1 ሜጋ የደረሰው ኤሌክትሮን ምሕዋሩ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ትንሽ ሲፈጥን ሊሚተሩን ይመታል፤ መለኪያው የሚያየው ኤክስሬይም ከዚያ ምት የሚወጣው ነው። ስለዚህ የሚለካው የጠፋው እንጂ ውስጥ ያለው አይደለም።

ለመለኪያ ሶዲየም አዮዳይድ ሲንቲሌተር (ኤክስሬይ ሲመታው የሚያበራ ክሪስታል) ከፎቶመልቲፕላየር (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ከሚያጎላው መሣሪያ) ጋር ይበቃል። በሲዚየም-137 (662 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት) እና በኮባልት-60 (1173 እና 1332) አስተካክለዋለሁ። የክሪስታሉ ብርሃን ለመክሰም 230 ናኖሰከንድ ይፈጅበታልና፣ ብልጭታው ሲበዛ ሁለት የ600 ኪሎ ምቶች ተደርበው አንድ የ1.2 ሜጋ ምት ይመስላሉ። መፍትሔው መሣሪያውን ማራቅ ወይም በእርሳስ መከለል ነው። ያልተከለለ ፎቶመልቲፕላየር ደግሞ በመግነጢሳዊ መስኩ ምክንያት ጉልበቱ ይለዋወጣል፤ የሙ-ሜታል ሽፋን የግድ ነው። ከሁሉ በፊት ጋዝ ሳልጨምር ካፓሲተሮቹን ብቻ አራግፋለሁ፤ በዚያ ጊዜ የሚታይ ምልክት ሁሉ ከገመድ የመጣ ጫጫታ ነው።

አምላጮቹን ለመቆጣጠር ሁለት መንገድ አለ፦ ጋዙን ማብዛት ወይም የፕላዝማውን ጅረት የሚነዳውን ካፓሲተር ቮልቴጅ መቀነስ። እኔ ጋዙን እመርጣለሁ፤ እፍጋቱ ሲጨምር የድራይሰር መስክ ከፍ ይላል። ከልክ ካለፈ ግን ጋዙ ጨርሶ ወደ ፕላዝማ አይለወጥም። አንድ ነገር ብቻ ቀይሬ ያንኑ ምት (የማሽኑን አንድ ሙሉ ተኩስ) እደግማለሁ፤ ግድግዳው ያለፈውን ምት ስለማይረሳ ከእረፍት በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ምቶች አልቆጥርም።

ጋዝ ስጨምር በምቱ መሃል ያለው ኤክስሬይ ቢቀንስ ቶሎ አልደሰትም። የቶሮይዳል መስኩ (በቀለበቱ ዙሪያ የሚሄደው መግነጢሳዊ መስክ) በካፓሲተር ስለሚነዳ በምቱ ሂደት ይጨምራል፤ መስኩ ሲጠነክር መንሸራተቱ ይቀንስና አምላጮቹ ውስጥ ተከማችተው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ የመሃሉን ድምር ብቻ ሳይሆን፣ ጅረቱ ሲሞት የሚወጣውን የመጨረሻ ፍንዳታም አብሬ አሰላለሁ። ሁለቱም ከቀነሱ ነው ምርቱ ቀነሰ የምለው። መሃሉ ቀንሶ መጨረሻው ከጨመረ የተሻሻለው መያዣው ነው።

በትልቅ ማሽን ናዳው ዋናው አደጋ ነውና ዘዴው ይለወጣል። በእንግሊዝ በነበረው ትልቅ ቶካማክ፣ ጄት ላይ የተሰበረ የዲዩቴሪየም በረዶ ሲተኮስ ቀዝቃዛው ፕላዝማ ወደ ጋዝ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፈጣን ነውጥ ኤሌክትሮኖቹን በአንድ ቦታ ሳይሆን በሰፊ ግድግዳ ላይ ይበትናቸዋል። ከባድ ጋዝ፣ ለምሳሌ አርጎን፣ በአምላጮቹ ጨረር ውስጥ በብዛት ተቀላቅሎ ከቀረ ግን ይህ ስልት ይከሽፋል።