አባባ፣ ሄልሜትህ የታለ?

እናቴ ቪዲዮውን አይታ ስትጨርስ ስልኩን መለሰችልኝና፣ «የማንን ንዴት ነው በዚህ ልጅ የምትወጪው?» አለችኝ።

ቪዲዮው ላይ ልጄ 3 ዓመቱ ነው። በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰረው ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ከተራራ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሄልሜቱ ራሱን ያህላል፣ ንፍጡ አፍንጫው ላይ ደርቋል። አባቱ ከኋላ እየጮኸ ይከተለዋል። እኛ ደግሞ ጅማ፣ እናቴ ሳሎን፣ ሐምሌ ላይ ሁለተኛ ቡና እየጠጣን ነው። ውጭው ጭቃ ብቻ ነው።

ለእናቴ በረዶ ማለት ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው፣ ጎመኗን የሚበጣጥሰው ነው። አማርኛችን ለእሱም፣ ልጄ ለሚንሸራተትበት ለስላሳውም አንድ ቃል ነው ያለው። «በረዶ ላይ ይጫወታል» ስላት፣ ልጁ በጠጠር ሲወገር ነው የሚታያት።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልሻልም ነበር። አሜሪካ፣ ዴንቨር የገባሁ ዓመት በረዶ ማለት አካፋ ነበር። ሌሊት ከሥራ ወጥቼ መኪናዬን ቆፍሬ የማወጣበት። በረዶ ጣለ ብሎ ደስ የሚለው ሰው ጤነኛ አይመስለኝም ነበር። ባለቤቴ ግን አሜሪካ የገባው በ8 ዓመቱ ነው። እንጀራ ይወዳል፣ አማርኛ ይሰባብራል፣ በረዶ ሲጥል ይዘፍናል። «ልጁን ስኪ እናስጀምረው» ሲለኝ «ከፍዬ ልብረድ?» አልኩት።

አስጀመርነው። ሕፃን ስለ ሚዛን ቢነግሩት አይገባውም። ስለዚህ የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቦ ኋላቸውን መክፈት «ፒዛ» ይባላል፤ ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተካክሎ መልቀቅ «ፍሬንች ፍራይ» ነው፤ ያፈጥናል። ጫፎቹ እንዳይራራቁ በትንሽ የጎማ ማያያዣ ይታሰራሉ። ሜዳው ላይ ወላጅ ሁሉ «ፒዛ! ፒዛ!» እያለ ይጮኻል። የመጀመሪያ ቀን ምሳ የደረሰ መስሎኝ ነበር።

የመንገድ መጨናነቁን ለማምለጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። ወጪውስ? ዛሬም ድረስ እያንዳንዱን ቀን በልቤ ወደ ብር እመነዝራለሁ። ይሄ ልማድ 11 ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም።

በጋ ሲሆን ደግሞ ሞተር አለ። 4 ዓመት ሲሞላው ባለቤቴ ያገለገለች ያማሃ ፒደብሊው 50 ገዛለት። 49 ሲሲ ናት። ማርሽ የላትም፣ መቀመጫዋ ከመሬት ግማሽ ሜትር አይሞላም። እኔ የወደድኩት ግን ነዳጅ መስጫው ላይ ያለችውን አንዲት ብሎን ነው። ብሎኗ ጠበቅ ስትል ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው አይዞርም። ልጁ የቱንም ያህል ቢጠመዝዝ ሞተሯ እኛ ከፈቀድንላት በላይ አትሮጥም። ባለቤቴ ያላላታል። እኔ እሱ ሳያይ አጠብቃታለሁ። እስካሁን ማናችንም ለማናችንም አልተናገርንም።

መንገድ ላይ መንዳት ስለማይቻል ፒክአፕ ላይ ጭነን፣ ለሞተር ወደተፈቀደው ጫካ፣ ወደ ራምፓርት ሬንጅ እንወጣለን። አንድ ቀን እዚያ ኩርባ ላይ ወደቀ። ልቤ አፌ ውስጥ ገብቶ ሮጥኩ። ከንፈሩ ደምቷል። ቀና ብሎ አየኝና «ሞተሬ ተጎዳች?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው አባዬ ትዝ ያለኝ።

አባዬ የቡና ባለሙያ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ በአጋሮ መንገድ ገጠር ለገጠር ይዞር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ፊት ለፊት የነዳጅ ታንከሩ ላይ ያስቀምጠኛል። ሄልሜት የሚባል ነገር አናውቅም። የክረምቱ ቀይ ጭቃ እስከ ጉልበቴ ይረጨኛል። ታንከሩ ይሞቃል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አንድ ቀን ተንሸራተን ቦይ ውስጥ ገባን። አባዬ መጀመሪያ ሞተሯን አነሳ፣ ቀጥሎ እኔን። ቀሚሴን ወንዝ ውስጥ አጥቦልኝ «ለእናትሽ ዝናብ ነው በያት» አለኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ዝናብ እንደሆነ ነው የምታውቀው።

ዴንቨር ሰዎች ልጄን «የተራራ ልጅ» ይሉታል። በሆዴ እስቃለሁ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ጅማ 1,780 አካባቢ። እናቱ ከእነሱ በላይ ነው ያደገችው።

በመጣን በሦስተኛው ቀን ጅማ ላይ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ሲጮህ ልጄ «በረዶ!» ብሎ በካልሲ ወጣ። አንዱ ጠጠር ግንባሩን ሲመታው ቆመ። አንስቶ አገላብጦ አየው። «ይሄ ተሰብሯል» ብሎ ተመለሰ። እናቴ ከዚያ ወዲያ አመነችኝ፤ የእነሱ በረዶ ሌላ ነው።

ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ዙሪያ ተቀመጥን። እናቴ «ለመሆኑ በዚህ ነገር የሚወዳደር ሐበሻ አለ?» አለች። ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው።

«ስንተኛ ወጣ?»

«83ኛ።»

«አይ!» አለች፣ ልክ የራሷ ልጅ ፈተና እንደወደቀባት።

አባዬ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ ነበር። ቪዲዮዎቹን ሁሉ አይቷል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሞተሯ ስንት ሲሲ ናት?» አለ።

በነጋታው ጠዋት ሁለቱ ጠፉ። ጓሮ አገኘኋቸው። አባዬ ጡረታ ሲወጣ ከጨረታ የገዛትን አሮጌ ያማሃ ከሸራ ሥር አውጥቶ በጨርቅ ይወለውላል። ልጄ አጠገቡ ተንበርክኮ የጎማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ በደንብ አይችሉም። አልቸገራቸውም።

አባዬ ረገጣት፤ አልተነሳችም። ደገመ። በአራተኛው ተነሳች። ጢሱ ጓሮውን ሞላው። ተቀመጠና ታንከሩን መታ መታ እያደረገ «ና ውጣ!» አለው።

ልጄ አልተንቀሳቀሰም።

«አባባ፣ ሄልሜትህ የታለ?» አንቱታ ገና አልገባውም።

አባዬ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። እጁን አጣጥፎ ቆመ። 40 ዓመት ያለ ሄልሜት የነዳ ሰው በ6 ዓመት ልጅ ታገደ። ከጎረቤት ባለሞተር አንድ ሄልሜት ተዋስን። ለአባዬ ልክ ሆነ። ለልጄስ?

እናቴ ጫጫታውን ሰምታ ከማድ ቤት ወጣች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። መካከለኛውን ድስት ይዛ ነው የመጣችው። «ይሄስ?» አለችው።

ልጄ ተቀብሎ ኳ ኳ አደረገው። ገልብጦ ውስጡን አየ። መለሰላት።

«ማሰሪያ የለውም።»