ሁለቱም ከአንድ ጎን

ባለፈው ማክሰኞ ጆሮዬን ልመረመር ሄጄ ነበር። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፉልኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የምጫናት ቁልፍ በእጄ አስያዙኝ። የቀኙን ሲመረምሩ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። ወደ ግራው ሲዞሩ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ገና አልጀመሩም ብዬ። ለካ ከጀመሩ ቆይተዋል።

ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ሊያሳስበኝ የሚገባው ጆሮዬ ነበር። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር ሳስብ ሁለት ታክሲ አለፈኝ፦ በ1986 ዓ.ም. ስለገዛሁት አምፕሊፋየር።

ያኔ ደሴ ነበርኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፊዚክስ መሆኑን አሁን የምናገረው በኋላ ላይ ስለሚያሳፍረኝ ነው። ደመወዜ ከ500 ብር ብዙም አይዘልም። ሃያ መምህራን በወር ስልሳ ስልሳ ብር የምንጥልበት እቁብ ነበረንና በሦስተኛው ወር ዕጣው ለእኔ ወጣ። 1,200 ብር በአንድ ጊዜ ይዤ አላውቅም። አንዱ ባልደረባዬ አልጋ ግዛ አለኝ፤ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ እንደምተኛ ያውቃል። ሌላው ለእናትህ ላክ አለኝ። ሁለቱንም እሺ ብዬ የሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ አበባ ነበርኩ።

አባቴ ቤት ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮው ግን የአባቴ ነበር። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የአሜሪካ ድምፅንና ዶይቸ ቬለን እያፈላለገ ይሰማል፤ ሌላ ሰው ማዞሪያውን አይነካም። እናቴ እንኳን አቧራውን የምትጠርገው ከላይ ከላይ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቴ ድምፁን ራሴ የምጨምረውና የምቀንሰው ዕቃ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ለእቁብተኛው የነገርኩት ግን ሌላ ነው።

መርካቶ ውስጥ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ካሴት ማጫወቻውን ለብቻ፣ አምፕሊፋየሩን ለብቻ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርሱ ሁለት የእንጨት ስፒከሮችንም ለብቻ አሳየኝ። አምፕሊፋየሩ የጃፓን ሥሪት ነው፤ የፊት ለፊት ስሙ ተነቅሎ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል። «የቃኘው ዕቃ ነው» አለኝ። አሜሪካኖች አስመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያ ለቀው የወጡት በ1969 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን መርካቶ ውስጥ የቃኘው ነው የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ጣቢያው ለወታደር መኝታ የሚተርፍ ቦታ ባልነበረው። ግን ደስ አለኝ። ሰው ሊገዛ የቆረጠውን ዕቃ ሲያሞግሱለት አይከራከርም።

ካሴት ከተተና አጫወተው። ተንበርክኬ ጆሮዬን በየተራ በሁለቱ ስፒከሮች ላይ ለጠፍኩ። ሁለቱም ይናገራሉ። ከዚያ ድምፁን ለግራና ለቀኝ የምታካፍለውን፣ ባላንስ የምትባለዋን ማዞሪያ ወደ ግራ አዞርኳት፤ ድምፁ አለ። ወደ ቀኝ አዞርኳት፤ ሁለቱም ስፒከሮች ጸጥ አሉ።

«እሷ ተበላሽታለች» አለ ሻጩ ሳይደናገጥ። «መሐል ላይ ትተዋታለህ። ለመሆኑ እሷን ማን ይነካታል?»

እውነት ነው፤ ማን ይነካታል? 1,050 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ከአውቶቡስ ተራ ማለዳ 12 ሰዓት ተነሳን። ረዳቱ ዕቃውን ፖርቶመጋላ ላይ ልጫነው ሲል ካሴት ማጫወቻውንና አንዱን ስፒከር ብቻ በብርድ ልብሴ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ እሱንም እያንገራገርኩ። አምፕሊፋየሩ እግሬ ሥር ገባ፤ ሁለተኛውን ስፒከር ታቀፍኩት። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጣርማ በር ላይ ብርዱ እስከ አጥንት ሲገባ ስፒከሩ ነፋስ ከለከለልኝ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ እንደ ታመመ ልጅ አተኮሰኝ። ደብረ ሲና ላይ ሌላው ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እኔ አልወረድኩም፤ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ቆሎ በወረቀት ይዘውልኝ ተመለሱና «ሬሳ ነው እንዴ የታቀፍከው ልጄ?» አሉኝ። ከኮምቦልቻ ወዲያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ሁለቱም እግሮቼ ደንዝዘው ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረውን አንድ ዓመት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት እሮጥ ነበር ልበል። ከሙዚቃ ቤት ካሴት አስቀዳለሁ፤ ማጫወቻው አንዳንዴ ካሴት ይበላል፤ ክሩን ከጥርሱ አላቅቄ በቢክ እስክሪብቶ እጠቀልላለሁ። አንድ ቀን ክሩ ወጥቶ ክፍሉን ሲሞላው ተናድጄ ርዝመቱን አሰላሁ። በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እየሄደ 30 ደቂቃ ይጫወታል፤ 86 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ስሌቱን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ አወጣሁት። ብዙዎቹ ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ሳይቀይሩ ወደቁ።

አምፕሊፋየሩ ይሞቅ ነበር። እጅ የማያስቆም ሙቀት ነው። የአከራዬ ድመት ይህንን ከሁላችንም ቀድማ ደርሳበት ከላዩ ተጋድማ መዋል ጀመረች፤ የደሴ ብርድ ለማንም አያዝንም። አከራዬ ድመቷን ፍለጋ ሲመጡ ሙዚቃውን ቆመው ይሰማሉ። እማማ እላቸው ነበር። ሐሙስ ማታ ማታ ደግሞ በነጭ ጨርቅ የጠቀለሉትን የመንዙማ ካሴት ይዘው ይመጡና፣ ጀበናውም ተከትሎ ይመጣና፣ እኔ በራሴ ቤት እንግዳ ሆኜ ጥግ እቀመጣለሁ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ካሴት ነበር። ዘፋኟ አንድ ስንኝ ትልና ዝም ትላለች። ከሥር ቤዝ ብቻ በቀስታ ይራመዳል። ከዚያ ሌላ ስንኝ። በእያንዳንዱ ስንኝ መካከል ያለውን ዝምታ እንደ ቅኔ አየሁት። ቡና ቤት ውስጥ ያው ዘፈን ሲከፈት እዚያ ዝምታ ላይ ሳክስፎን ይገባል፤ ይህ ሌላ ቅጂ ነው፣ ዘፈኑን አበላሽተውታል ብዬ ደመደምኩ። የታሪክ መምህሩ ባልደረባዬ ሳክስፎኑ ከመጀመሪያውም አለበት ብሎ ተከራከረኝ። ቤቴ ወስጄ አሰማሁት። «ስማ» አልኩት፣ «ሰው እንዲያስብበት ጊዜ ስትሰጠው።» ራሱን ነቀነቀ። አመነኝ።

በ1987 ዓ.ም. ክረምት ላይ ድምፁ መሻከር ጀመረ፤ አንድ ማታም የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ ፒያሳ አጠገብ ወዳለ ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ስፒከሮቹንም አምጣ አለኝ፤ አመጣሁ፤ ቤት እንደነበሩት አድርጌ ራሴ ገጠምኩለት። ሰውየው ካቻቢቴውን አንስቶ ከኋላ በኩል ጎንበስ አለና እንደዚያው ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

«መምህር፣ ይህንን እንዲህ ያሰረው ማነው?»

«የሸጠልኝ ሰው እንዳሳየኝ ነው ያሰርኩት።»

ሁለቱም ስፒከሮች የታሰሩት ከአንድ ጎን ላይ ነበር፤ ከግራው። የቀኙ መውጫ ባዶውን ተቀምጦ አቧራ ሞልቶታል። ክዳኑን ሲከፍተው የቀኙ ጎን ትራንዚስተሮች ድሮ ተቃጥለዋል፤ አንደኛው ለሁለት ተሰንጥቆ ጠቁሯል። ባላንሷ ምንም አልሆነችም። በዚያ ሁሉ ዕቃ ውስጥ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ካሴቴን አንስቶ ክሩን በትንሹ ሳበልኝ። «ይህቺ ስፋቷ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። እዚህች ላይ አራት መስመር አለ፤ ሁለቱ ለአንዱ ፊት፣ ሁለቱ ለሌላው ፊት። አንተ ከየፊቱ አንድ አንድ መስመር ነው ስትሰማ የኖርከው።» ከዚያም ሁለት ስፒከር በአንድ ጎን ሲጫን ለምን እንደሚሞቅ ሊያስረዳኝ ጀመረና ድንገት አቆመ። «ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«ፊዚክስ።»

ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ መበየጃውን ሶኬት ላይ ሰካ። ሁለት 8 ኦም በትይዩ ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፣ ተቃውሞው ሲቀንስ የሚያልፈው ኮረንቲ ይበዛል ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የጻፍኩበትን ጠመኔ ጣቶቼ ላይ ያየው መሰለኝና እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ከአሮጌ ዕቃ የፈታቸውን ሁለት ትራንዚስተሮች ገጥሞ በሳምንቱ ሰጠኝ። ማታ ነው። ስፒከሮቹን በቀኝና በግራ አራራቅሁ፣ ፍራሹ ላይ መሐል ለመሐል ተቀመጥኩ፣ ያንኑ ካሴት ከተትኩ። ዘፋኟ የመጀመሪያውን ስንኝ አለች። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ከቀኝ በኩል፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሳክስፎኑ መለሰላት።

በዚያች ማታ ያለኝን ካሴት ሁሉ አንድ በአንድ ሰማሁ። አንዱ ውስጥ ጊታር አገኘሁ። አንዱ ውስጥ ተቀባዮች ነበሩ፤ ሦስት ሴቶች፣ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ሲዘፍኑ ያልሰማኋቸው። ሌሊቱ እኩል ሆኖ አከራዬ ግድግዳ ሲደበድቡ ነው ያቆምኩት።

በማግሥቱ ይቅርታ ለመጠየቅም ለመኩራራትም እማማን ጠራኋቸው። የመንዙማ ካሴታቸውን ይዘው መጡ። መሐል ላይ አስቀመጥኳቸውና አሁን ልዩነቱን ይስሙ አልኳቸው። ሰሙ። እኔም ሰማሁ። ምንም ልዩነት የለውም። ሰው በተሰበሰበበት ቤት በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ነው፤ በግራም በቀኝም ያው ነው።

«እማማ፣ የእርስዎኛው እንኳን…» ብዬ ላስረዳ ስል፦

«የእኔው ድሮም ሙሉ ነበር ልጄ» አሉና ሲኒያቸውን አነሱ። ድመቷ አምፕሊፋየሩ ላይ ወጥታ ትንሽ ተገላበጠች፤ እንደ ድሮው የሞቀላት አልመሰለኝም፤ ወርዳ እግራቸው ሥር ተኛች።

እሑድ የታሪክ መምህሩ ቡና ሊጠጣ መጣ። ካሴቱን ሳልደብቅ በፊት እሱ ራሱ ከፈተው። ሳክስፎኑ ሲገባ ሲኒውን ከአፉ አውርዶ አየኝ።

«ካሴቱን ቀየርከው እንዴ?»

«አዎ» አልኩት።