ግሌንኮ ላይ ማይኩን ያስረከብሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት፣ ጎንደር ሳለሁ አብሮኝ ያስጎበኝ ከነበረ ጓደኛዬ በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። ከስኮትላንድ ተራራ ሥር ቆሜ የተነሣሁትን ፎቶ አይቶ፣ «እየተንሸራሸርህ ደመወዝ የሚከፍሉህ ከሆነ ለእኔም መንገዱን አሳየኝ፤ ለመሆኑ ወንዶቹ እውነት ቀሚስ ይለብሳሉ?» ይላል። ስለ ቀሚሱ ወዲያው መለስሁለት፦ ኪልት ይባላል፤ ዛሬ በብዛት የሚለበሰው ለሠርግና ለበዓል ነው፤ እኛ ለጥምቀት ነጭ እንደምንለብሰው ማለት ነው። ስለ መንሸራሸሩ ግን በአንድ መልእክት ተናግሬ የምጨርሰው አልሆነልኝም።

እዚህ ስኮትላንድ ሥራዬ ማስጎብኘት ነው፤ ጎብኚዎች ይዘን ከግላስጎው ከተማ በማለዳ ተነሥተን በሎክ ሎመንድ ሐይቅ ዳርቻ ወደ ሰሜን እንጓዛለን፤ ራኖክ ሙር የሚባለውን ሰው አልባ ረግረግ አቋርጠን ወደ ግሌንኮ ሸለቆ እንወርድና ፎርት ዊሊያም ከተማ እንደርሳለን። እዚያ ከብሪታንያ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ቤን ኔቪስ አለ፤ ከፍታው 1,345 ሜትር ነው። ጎንደር ከተማ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች መሆኗን ሳስብ ልቤ ይሞላል፣ አንዳንዴም ለጎብኚዎቹ እነግራቸዋለሁ። ዳሩ ግን ቤን ኔቪስ ከባሕር ጠርዝ ብድግ ብሎ የቆመ ስለሆነ፣ ደመናና ንፋሱም በሰዓት ውስጥ ስለሚለዋወጥ፣ በሰኔ ወር እንኳ ቀለል ባለ ልብስ የወጣውን ሰው ይቀጣዋል። በሞቃቱ ወራት ደግሞ ሚጅ የምትባል፣ ከእኛ ትንኝ ያነሰች ተናካሽ አለች፤ ንፋሱ ጋብ ሲል በመንጋ መጥታ ፊት ላይ ትሰፍራለች።

ይህን ሁሉ ሰው ይለምደዋል። ያልለመድሁት አንድ ነገር ነው።

በሥራዬ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ዝናባማ ጧት አውቶቡሱ ደጃፍ ቆሜ እንግዶች ስቀበል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ሻንጣውን አስይዞኝ «አስጎብኚው መቼ ይመጣል?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልሁት። ትክ ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር ገብቶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። የዘር ሐረጉ ግሌንኮ ይኖር ከነበረው የማክዶናልድ ጎሳ እንደሚመዘዝ፣ ይህን ጉዞም ለብዙ ዓመት ሲመኘው እንደኖረ የሰማሁት በኋላ ከባለቤቱ ነው።

ግሌንኮ ደርሰን ማይኩን ሳነሣ ሰውዬው ተነሥቶ ቆመና ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ይህን ታሪክ አንተ ንገረን፤ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ከአፍሪካዊ ልሰማው አይደለም» አለ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ። ሾፌሩ የአገሩ ተወላጅ፣ ደግ ሽማግሌ ነው፤ ምን ላድርግ በሚል ዓይን አየኝ። እኔ በዚያች ቅጽበት የታየኝ ወደ መሥሪያ ቤቴ የሚላከው የቅሬታ ደብዳቤ ነበር፤ ስለዚህ ማይኩን ሰጠሁት። ገመዱ አጭር ስለ ነበር ሾፌሩ ዘንድ እንዲደርስ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ወደ ፊት መሳብ ነበረብኝ፤ እርሱ ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ገመዱን ይዤ፣ እንደ አሳላፊ ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። ሰው ሁሉ ያየኝ እንደዚያ ሆኜ ነው።

ሾፌሩ የተናገረው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ካምቤል የሚባሉት ጎሳዎች 38 ማክዶናልዶችን እዚህ ገደሉ አለና ፎቶ አንሡ ብሎ ወረደ። እኔ ግን ያንን ታሪክ ሁለት የብርድ ወቅት ሙሉ ስሠራበት ከርሜያለሁ። የማክዶናልዶቹ አለቃ ለንጉሥ ዊሊያም ታማኝነቱን በመሐላ እንዲያረጋግጥ እስከ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1692 ድረስ ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ መጀመሪያ ፎርት ዊሊያም ቢሄድ የሚያስምለው ሹም ያለው ኢንቨራሪ በሚባል ከተማ ነው ተብሎ ተላከ፤ በበረዶ መንገድ ዘግይቶ ደርሶ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ማለ። በዚያው ጃንዋሪ ማለቂያ ገደማ በአንድ ካምቤል የሚመሩ የንጉሡ ወታደሮች ወደ ሸለቆው ገቡ፤ ማክዶናልዶቹም በየቤታቸው ተቀብለው አበሏቸው፣ አጠጧቸው፣ ከእሳታቸው ዳር አስተኟቸው። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን ገና ሳይነጋ፣ እንግዶቹ አስተናጋጆቻቸውን ገደሉ። ከሰይፍና ከጥይት ያመለጡ ሴቶችና ሕፃናትም በበረዶው ውስጥ ሸሽተው በብርድ አለቁ።

እኛ እንዲህ ያለውን ሰው የበላበትን ወጪት ሰባሪ እንለዋለን። ስኮትላንዳውያንም ከ300 ዓመት በላይ የሚንገበገቡት በሟቾቹ ቁጥር አይደለም፤ በጦርነት ከዚያ እጅግ የበዛ ሰው አልቆባቸዋል። የሚንገበገቡት ቤት ያፈራውን ያቀረበ ሰው በእንግዳው እጅ ስለ ሞተ ነው። የእንግዳ ክብር ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህን ለመረዳት የማክዶናልድ ደም አያስፈልገውም። ፎርት ዊሊያም ለምሳ ስንወርድ አንዲት አሮጊት ቀርበው «አንተ ልትነግረን የነበረውን ንገረኝ» አሉኝ፤ በካፊያው ውስጥ ቆሜ ለእርሳቸውና ለሦስት ሰዎች ነገርኋቸው። ሰውዬው ከእነርሱ ጋር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጄምስ ብሩስ ነው። ጎንደር ሳለሁ ፈረንጆችን ቁስቋም ወስጄ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ከስኮትላንድ መጥቶ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን ስላከመው፣ በዚያው ዓመትም ግሽ ዓባይ ስለ ደረሰው ሰው እተርክ ነበር። የእኛን ታሪክ ስኮትላንዳዊ ስለ ጻፈው ማንም ጎንደሬ «አንተ ማን ነህ?» ሲል አልሰማሁም፤ እንዲያውም ከገዛ አባቶቻችን ቃል ይልቅ የፈረንጅ መጽሐፍ የምናምን ሞልተናል፤ ይህም የእኛ ጥፋት ነው። ብሩስን ያላመኑት የገዛ ወገኖቹ ናቸው፤ ለንደን ተመልሶ ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሲያወራ ውሸታም አሉት። መቃብሩ ያለው እዚሁ ስኮትላንድ፣ ላርበርት በሚባል ስፍራ ነው፤ በብርዱ ወራት ሥራ ሲጠፋ እዚያ ሄጄ እቆማለሁ።

ጓደኛዬ ሆይ፣ ሥራ ሲጠፋ ያልሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ሥራው የሚደራው ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው፤ እኔ የሚከፈለኝም በሠራሁበት ቀን ልክ ነው። ዲሴምበር ላይ በስኮትላንድ ደጋ አገር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ያን ጊዜ ቡናህን ብቻህን አፍልተህ ብቻህን ትጠጣለህ። ምግቡ አያስቸግርህም፤ ሃጊስ ያሉት የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ ጋር ስለሆነ ዱለት ለሚወድ ሰው ዘመድ ነው፤ ሚጥሚጣ ግን ይዘህ ና። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የምትነዳው ነዋሪ ከሆንህ በኋላ ለ12 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ የእነርሱን ፈተና ማለፍ አለብህ፤ መንገዱም በግራ ነው፣ በየገጠሩ ደግሞ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ ይበዛል። በጉብኝት ቪዛ ገብተህ ትሠራለህ የሚልህን ደላላ አትስማ፤ ሕገ ወጥ ነው፤ ገንዘብህንም መልሰህ አታገኘውም።

ከሁሉ በፊት ግን የሰዎቹን ታሪክ ከእነርሱ አብልጠህ አጥና፤ ከዚያም ማይኩን ስጥ ሲሉህ አትስጥ። እኔ ቅሬታውን ፈርቼ ሰጠሁ፤ ደብዳቤው ግን አልቀረልኝም፣ በሳምንቱ ደረሰ። ባለፈው ዓመት ሌላ ሰው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ልጨርስና ከዚያ የቀረ ካለ ሾፌሩ ይጨምርልናል» ብዬ ንግግሬን ቀጠልሁ፤ ከሸለቆው ስንወጣም ሾፌሩ የሚጨምረው እንደሌለ ተናገረ።